ገዢ ሆይ፣ ከማርሽ ዘንጉ በፊት ወረቀቱን ጨብጥ!

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ በተካሄደ የመኪና ጨረታ አንዲት የ1971 ስሪት «ፕሊማውዝ ሄሚ ኩዳ» በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪናዋ ጣሪያዋ የሚገለጥ ነው። ሞተሯ «ሄሚ» የሚባለው ባለ 426 ኩብ ኢንች ሲሆን፣ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መሐል ደግሞ የሽጉጥ እጀታ የሚመስል የማርሽ ዘንግ ቆሟል። በዚያ ዓመት ከነዚህ ጣሪያቸው ከሚገለጥ የሄሚ ኩዳዎች የተሠሩት አንድ ደርዘን ቢሆኑ ነው።

ገበያውን የሚያውቁ ሰዎች የዚህችን መኪና ዋጋ ሲተነትኑ ሦስት ነገሮችን ይጠራሉ፦ ሞተሩን፣ ጣሪያውንና ባለ አራት ማርሹን ማንዋል ካምቢዮ። ስለ ሞተሩና ስለ ጣሪያው ብዙ ተብሏል። የዛሬው ጉዳያችን ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም ካምቢዮ ከሞተርም ሆነ ከጣሪያ ይልቅ በቀላሉ ሊቀየር የሚችል ዕቃ ነው። በቀላሉ የሚቀየርና ዋጋ የሚጨምር ዕቃ ባለበት ገበያ ደግሞ አታላይ አይጠፋም።

«የአሜሪካ አሮጌ መኪና ለአዲስ አበባ ገበያተኛ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገለገለ መኪና በደላላ የገዛ፣ ሊብሬ ከሻንሲ ቁጥር ጋር ያመሳከረ ሁሉ ነገሩ ቅርቡ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው የማያውቅበት ገበያ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት፣ ከነዚህ ጡንቸኛ መኪኖች የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋም አጭር ነው። ለባለ አራት ማርሽ ማንዋል የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈለው ለፍጥነት አይደለም፤ ለብርቅነትም አይደለም። የሚከፈለው ለስሜት ነው። ለስሜት መክፈል ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ስሜቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ወረቀት ስለሆነ፣ ወረቀት የሌለው መኪና ያንን ተጨማሪ ዋጋ ሊጠይቅ አይገባም።

ምርጫው በሁለት መቶ ዶላር

«መስል ካር» የሚባለው የመኪና ዘር አባት ተደርጎ የሚቆጠረው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ መካከለኛ መጠን ባለው ርካሽ መኪና ላይ ለትልቅ መኪና የተሠራ ባለ 389 ኩብ ኢንች ሞተር መጫን። ጂ.ቲ.ኦ መጀመሪያ ራሱን የቻለ ሞዴል እንኳ አልነበረም። 300 ዶላር በማይሞላ ተጨማሪ ክፍያ «ለማንስ» በሚባለው መኪና ላይ የሚታዘዝ ጥቅል ነበር። ከዚያ በኋላ ገዢው ረጅም የምርጫ ዝርዝር ይሰጠዋል። ሬዲዮ፣ የፊት ወንበር፣ የዲፈረንሻል ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ካምቢዮ።

ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚመጣው ባለ ሦስት ማርሽ ማንዋል ነበር። ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ወይም አውቶማቲክ የፈለገ በአብዛኛው 200 ዶላር አካባቢ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር በሻጩ ቢሮ ውስጥ በማንዋልና በአውቶማቲክ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሦስቱ ታላላቅ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለ አራት ማርሽ ነበራቸው። ጄኔራል ሞተርስ በኢንዲያና ግዛት መንሲ ከተማ ይሠራው ስለነበር ካምቢዮው «መንሲ» ተባለ። በሦስት ዓይነት ይመጣል። «ኤም 20» የሚባለው የአንደኛ ማርሹ ንጽጽር 2.52 ነው፤ ይኸውም ሞተሩ 2.52 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ከቆመበት ለመነሣት ጉልበት ይሰጣል፤ ለከተማ ይስማማል። «ኤም 21» ግን አንደኛው 2.20 ነው። ማርሾቹ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ ሲቀያየሩ የሞተሩ ዙር ብዙም አይወርድም፤ ይህም ለውድድር ይጠቅማል። ሦስተኛው «ኤም 22» ንጽጽሩ እንደ ኤም 21 ሆኖ ጥርሶቹ ይበልጥ ቀጥ ተደርገው የተቆረጡ ናቸው። ጥንካሬ ይጨምራል፤ ጩኸትም ይጨምራል። በዚህ የተነሣ አሜሪካኖች «ድንጋይ ፈጪ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ፎርድ ከ1964 ጀምሮ መፈተሻ ክዳኑ ከላይ የሆነውን «ቶፕሎደር» ሠራ። ክራይስለር በበኩሉ በዚያው ዓመት «ኤ 833» የሚባለውን አወጣ።

ካምቢዮው ጠንካራ ቢሆንም ከሾፌሩ እጅ ጋር የሚያገናኙት የፋብሪካ ብረቶች ግን ልል ነበሩ። በጥድፊያ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚያስገባ ሰው ማርሹን ይስተው ነበር። ማርሽ መሳት ውድድር መሸነፍ ብቻ ሳይሆን ሞተር ማቃጠልም ነው። ጆርጅ ሀርስት የሚባል ሰው በፔንሲልቬንያ ገበያ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። የሀርስት ዘንግ ወፍራም ብረት ነው፤ ማርሹ ከቦታው እንዳያልፍ የሚገቱት፣ በብሎን የሚስተካከሉ ማቆሚያዎች አሉት። ፖንቲያክ ይህንኑ ዘንግ ፋብሪካ ውስጥ በጂ.ቲ.ኦ ላይ ይገጥም ጀመር። ክራይስለርም በ1970 የሽጉጥ እጀታ የመሰለውን ዘንግ በኩዳና በመሰሎቹ ላይ አወጣ። አውቶማቲክ ለሚመርጡ ደግሞ ሀርስት ባለ ሁለት መንገድ ዘንግ ሠራ፦ በአንዱ መንገድ ካምቢዮው ራሱ ይቀይራል፤ በሌላው ሾፌሩ አንድ በአንድ እየገፋ ይቀይራል። በ1967ቱ አውቶማቲክ ጂ.ቲ.ኦ ላይ፣ በመቀመጫዎቹ መሐል ሳጥን ካዘዙ ይኸው ዘንግ አብሮ ይመጣ ነበር።

ብርቅ ሁሉ ውድ አይደለም

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ዛሬ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች ጎን ለጎን ቢቆሙና አንዱ ባለ አራት ማርሽ፣ ሌላው አውቶማቲክ ቢሆን፣ በአብዛኛው የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣው የመጀመሪያው ነው። የዋጋ መመሪያ የሚያሳትሙ ድርጅቶችም አውቶማቲክ ለሆነው ከመቶ እያሰሉ ይቀንሳሉ። ለምን?

የተለመደው መልስ «ማንዋሉ ብርቅ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። በ1965 ከተሠሩት 75,352 ጂ.ቲ.ኦዎች ውስጥ አውቶማቲክ የነበሩት 18,974 ብቻ ናቸው። ከመቶ 25 መሆኑ ነው። ብርቁ አውቶማቲኩ ሆኖ ሳለ ውዱ ማንዋሉ ነው! ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ1969 ሼቭሮሌ «ዜድ.ኤል. 1» የሚባለው ሙሉ የአሉሚኒየም ሞተር የተጫነባቸው 69 ካማሮዎች ሠራ። ከነዚህ ውስጥ 47ቱ ባለ አራት ማርሽ፣ 22ቱ አውቶማቲክ ነበሩ። እዚህም ጥቂቱ አውቶማቲኩ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ «ማንዋሉ ፈጣን ስለሆነ ነው» ይላል። ይህም ቢሆን ሲመረመር አይጸናም። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጂ.ቲ.ኦ አውቶማቲክ የሚመጣው በሁለት ማርሽ ብቻ ስለነበር ማንዋል የመረጠ ሰው ትክክል ነበር። በ1967 ግን ፖንቲያክ ባለ ሦስት ማርሹን «ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400» አመጣ። ገዢውስ ምን አደረገ? በዚያው ዓመት ከተሠሩት 81,722 ጂ.ቲ.ኦዎች ውስጥ 42,594ቱ አውቶማቲክ ሆኑ። በሁለት ዓመት ውስጥ ድርሻው ከመቶ 25 ወደ ከመቶ 52 ዘለለ። ጥሩ አውቶማቲክ እስኪመጣ ጠብቆ ነበር ማለት ነው።

በሩብ ማይል ውድድርም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ራምቻርጀርስ የሚባለው የክራይስለር መሐንዲሶች ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዶጅ መኪኖቹን «ቶርክፍላይት» በሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ እያሰለፈ ያሸንፍ ነበር። ያን ጊዜ ማርሹ የሚገባው በዘንግ ሳይሆን ዳሽቦርድ ላይ ያለ ቁልፍ በመጫን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አውቶማቲክ ሲነሣ በውስጡ ያለው ዘይት የሞተሩን ጉልበት ያባዛል፤ በማርሽ መሐል ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ነዳጅ መልቀቅ የለም፤ አሥር ጊዜ ቢነሣ አሥሩም አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲያው ብርቅነትም ፍጥነትም ካልሆነ የቀረው ፍላጎት ነው። የምጣኔ ሀብት ትምህርት ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፦ አቅርቦት ማነሱ ብቻውን ዋጋ አያወጣም፤ የሚፈልገው ሰው መኖር አለበት። ዛሬ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ማንዋል የሆኑት ከመቶ አንድና ሁለት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ በእጁ ማርሽ ማስገባት፣ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ የናፈቀው ሰው የሚያገኘው በድሮ መኪና ላይ ነው። ያን ትዝታ ነው የሚገዛው። ሸቀጡ ትዝታ ሲሆን ዋጋውን የሚወስነው የገዢው ልብ ነው።

የ«ሎሚ» ገበያ

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አውቶማቲክ ሆና ከፋብሪካ የወጣች መኪና ወደ ባለ አራት ማርሽ ልትለወጥ ትችላለች። የሚያስፈልገው ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሦስተኛ ፔዳል፣ ዘንግና ጥቂት የብየዳ ሥራ ነው። ዕቃው በአዲስ መልክ እየተሠራ ስለሚሸጥ እንደ ልብ ይገኛል። ሥራው የሚጠይቀው ወጪ ከሚያስገኘው ተጨማሪ ዋጋ ካነሰ፣ ለውጡን የሚሠራ ሰው መኖሩ አይቀርም። ከለወጠ በኋላ ደግሞ «ከፋብሪካ እንዲህ ነበረች» ለማለት የሚፈተን አይጠፋም።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ስለዚህ ዓይነቱ ገበያ የጻፈው በ1970 ነው። አጋጣሚ ሆኖ መስል ካሮች ጫፍ በደረሱበት ዓመት መሆኑ ነው። አሜሪካኖች ውጪው አምሮ ውስጡ ችግር ያለበትን መኪና «ሎሚ» ይሉታል። አከርሎፍ የጠየቀው እንዲህ ነው፦ ሻጩ ሎሚውን ከደህናው ለይቶ ሲያውቅ፣ ገዢው ግን መለየት ካልቻለ ምን ይሆናል? ገዢው እንዳይታለል በመፍራት ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ከገበያ ይወጣል። የቀረው ገበያ በሎሚ ይሞላል። ይህ ጽሑፉ በ2001 የኖቤልን ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እንዲካፈል ካበቁት ሥራዎቹ ዋነኛው ነው።

በመስል ካር ገበያ የአከርሎፍ ሐሳብ ቃል በቃል ይታያል። በሐሰት ባለ አራት ማርሽ የሆነች መኪና የምትጎዳው የዋሁን ገዢ ብቻ አይደለም። በእውነት ከፋብሪካ ባለ አራት ማርሽ ሆና የወጣችውን መኪና ባለቤትም ትጎዳለች፤ የእሱም ዋጋ በጥርጣሬ ይወርዳልና። እውነተኛዋ አውቶማቲክም ትጎዳለች፤ ከነሙሉ ታሪኳ ተቆርጣና ተበይዳ ትቀራለች። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ወለል ደግሞ ተመልሶ የፋብሪካ ወለል አይሆንም።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ደግነቱ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱም እንደየኩባንያው ይለያያል።

የፖንቲያክ ገዢ ዕድለኛ ነው። የፋብሪካው የሽያጭ መዝገቦች ተጠብቀው ስለቆዩ፣ በሻንሲ ቁጥሩ የመኪናው የመጀመሪያ ትእዛዝ ምን እንደነበር ቅጂ በክፍያ ማግኘት ይቻላል። ከ1967 ወዲህ ያለው ፎርድም እንደዚሁ ነው፤ በፎርድ የምርት መረጃ ላይ የተመሠረተው «የማርቲ ሪፖርት» የሚባለው ወረቀት ካምቢዮውን በግልጽ ይጽፋል። በክራይስለር መኪኖች ላይ ደግሞ ኮፈኑ ሥር የተመታች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። በዚያች ቆርቆሮ ላይ «ዲ 21» የሚል ካለ ባለ አራት ማርሽ ማንዋል ማለት ነው፤ «ዲ 32» ካለ ከባዱ ቶርክፍላይት ነው። ቆርቆሮ ግን ሊቀረጽ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ወለሉንና ዲፈረንሻሉን ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ባለ አራት ማርሽ ሄሚዎች «ዳና 60» የሚባለውን ከባድ ዲፈረንሻል ይዘው ነበር የሚወጡት። ያ ከሌለ ሻጩ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

አስቸጋሪው ሼቭሮሌ ነው። ለአብዛኞቹ በአሜሪካ ለተሠሩ ሼቭሮሌዎች ካምቢዮውን የሚመሰክር የተሟላ የፋብሪካ መዝገብ ገዢ አያገኝም። የሚቀረው ተስፋ ፋብሪካው ውስጥ መኪናው ላይ የተለጠፈው የሥራ ትእዛዝ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ታንክ ጣሪያ ላይ በዝገትና በአቧራ ተለጥፎ ይገኛል። ብጭቅጫቂው ወረቀት ከመኪናው ቀለም የበለጠ ዋጋ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካምቢዮው ራሱም ይናገራል። በተለይ ከ1968 ወዲህ በብዙዎቹ ካምቢዮዎች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከፊል ተመትቷል። ቁጥሩ ከመኪናው ጋር ከገጠመ መልካም ምልክት ነው። ካልገጠመ ግን ወዲያውኑ «ሌባ!» ማለት አይገባም። እነዚህ መኪኖች ያለ ርኅራኄ የተነዱ ናቸው፤ ካምቢዮ ሰብሮ ሌላ ያስገጠመ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ሐቁ ተነግሮ በሚመጥነው ዋጋ ይሸጥ። የሚያስቆጣው ቁጥሩን ፍቆ አዲስ የሚመታው ነው።

«ካልታዘልኩ አላምንም» አለች አሉ ሙሽራ። ገዢም እንደ እሷ መሆን አለበት። በእጁ ዘንጉን ጨብጦ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ልቡ ሲሞቅ የሚፈርም ሰው፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው።

ሐቀኛው መንገድ

«መኪናው የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ፤ የፈለግሁትን ካምቢዮ ብገጥም ማን ያገባዋል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። የንብረት ባለቤትነት መብት ማለት ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ካምቢዮ መቀየርን አይቃወምም፤ የሚቃወመው ተቀይሮ እንዳልተቀየረ መሸጥን ነው።

እንዲያውም ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ከድሮው ባለ አራት ማርሽ የተሻለ አለው። የድሮዎቹ ካምቢዮዎች አራተኛ ማርሻቸው አንድ ለአንድ ነው። ዲፈረንሻሉ 3.73፣ ጎማው 27 ኢንች የሆነ መኪና በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,250 ጊዜ ይዞራል። ጆሮ ያደነቁራል፤ ነዳጅ ይጠጣል። ትሬሜክ የሚባለው የሜክሲኮ ኩባንያ በ2021 ለገበያ ያቀረበው «ቲ.ኬ.ኤክስ» የተባለ ባለ አምስት ማርሽ ግን አምስተኛው 0.68 ሆኖ ይገኛል። በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ወደ 2,210 ይወርዳል። መኪናው ለረጅም መንገድ የሚሆን መኪና ሆነ ማለት ነው። የዋናውን ስሪት ዋጋ ላለመጉዳት አሮጌውን ካምቢዮ ዘይቱን አፍስሶ፣ ጠቅልሎ ጋራዥ ጥግ ማስቀመጥ፣ የሚቻል ከሆነም ወለል ሳይቆርጡ መግጠም ነው። ሲሸጥ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ገዢ የሚሰጠው ምክር ከዚህም የቀለለ ነው፦ በቂ ወረቀት ያላትን እውነተኛ አውቶማቲክ ግዛ። ሞተሩ ያው ነው፤ ቆዳው ያው ነው፤ ፍጥነቱም አያሳፍርም። በ1967 ከጂ.ቲ.ኦ ገዢዎች ከግማሽ በላይ የመረጡትን ዛሬ ገበያው በቅናሽ ይሰጥሃል። ሌላው ሰው ለትዝታ የሚከፍለውን አንተ በኪስህ ታስቀራለህ።

ይህ ቅናሽና ያ ጭማሪ ለዘላለም ይቆያል ማለትም አይደለም። በ1967 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። ትዝታውን የሚገዛው ትውልድ ሲያልፍ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ የማያውቀው ትውልድ ለሦስተኛ ፔዳል ያንኑ ያህል ይከፍል እንደሆነ የሚታይ ነው። በእኛም አገር በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሾፌሩ የሚቀያይረው ማርሽ የላቸውም። ካምቢዮ የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከመዝገበ ቃላት ይፈልጉት ይሆናል።

ስሜት ይመጣል፤ ይሄዳል። በሚመጣበትም በሚሄድበትም ጊዜ ዋጋውን የማያጣው እውነተኛ ታሪክ ያለው መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ «ግባና ማርሹን ሞክረው» ሲልህ፣ እጅህን ዘርጋ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ወረቀቱን እንዲያስጨብጥህ።